የድሮ ካሴት በአዲስ ስክሪን
(በአሶሳ፣ በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ለዓረፋም ለገናም ለምንሰበሰብበት አዳራሽ ሆም ቴያትር እንግዛ ሲባል፣ «ይኸኛው ሪሲቨር የድሮውን ምስል ኤችዲ ያደርገዋል» ተብሎ ውዱ ተመርጧል። የዲሹን ሪሲቨር ማለቴ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያዎቹ የሚያያዙበትን ነው። ገንዘቡ የሁላችንም ስለሆነ ከመክፈላችን በፊት ነገሩን እንወቀው።

የድሮው የቴሌቪዥን ምስል በዲጂታል ሲቆጠር 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ነው። ካሴትማ ከዚያም ያንሳል። ኤችዲ ስክሪን ግን 1920 በ1080 ነው፤ 2,073,600 ነጥብ፣ ልክ አምስት እጥፍ። ታዲያ የጎደለው ከየት ይመጣል? መሣሪያው የጎረቤት ነጥቦችን አይቶ በግምት ይሞላዋል። ወጥ ላይ ውሃ ቢጨመር ድስቱ ይሞላል እንጂ ሥጋው አይበዛም። ካሴቱ ላይ ያልተቀረጸ የሙሽራዋ ጥልፍ በምንም ብልሃት አይወጣም!

ሪሲቨሩ ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የካሴት ማጫወቻውን ቢጫ ገመድ ተቀብሎ ምስሉን በአንድ የኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ያሳልፋል። የቢጫ ገመድ ቀዳዳ የሌላቸው አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ስላሉ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ምስል ማሳደጉን ግን ቴሌቪዥኑም ራሱ ያውቅበታል፤ አንዳንዴ እንዲያውም ከሪሲቨሩ ይበልጣል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስንሄድ የአንዳችንን የሠርግ ካሴት ከነማጫወቻው ይዘን እንሂድ፤ በውዱም በርካሹም እናስሞክር። ልዩነቱ ለዐይናችን ካልታየን ርካሹን እንግዛና የተረፈው ለወንበር ይሁን።