«ይህ እጅ የእኔ አይደለም»
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር





ስትሮክ የሚባለው ሕመም የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። ግማሽ አካልን እንደሚያሰልል፣ አንደበትንም እንደሚያስር ብዙዎቻችን እናውቃለን። አፄ ምኒልክን በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ክፉኛ የመታቸው፣ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉም ድረስ ከመንግሥት ሥራ ያራቃቸው ይኸው ሕመም ነው።

ዳሩ ግን ይህ በሽታ ሌላ አስደንጋጭ መልክ አለው። አንዳንዱ ሕመምተኛ የገዛ ግራ እጁን እያየ «ይህ እጅ የእኔ አይደለም» ይላል። አንዳንዱም ከቀረበለት ምግብ የቀኙን ብቻ በልቶ የግራውን እንዳላየ ይተወዋል። የሌላው እጅ ደግሞ ሳይታዘዝ ይነሣል፤ ቀኙ የቆለፈውን የሸሚዝ ቁልፍ ግራው ይፈታዋል። ኩርት ጎልድሽታይን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 ስለ አንዲት ሴት ጽፏል፤ ግራ እጇ የራሷን አንገት ያንቅ ነበር።

ይህ ነገር በሮቤ፣ በጎባ ወይም ከሰነቴ በታች ባሉት መንደሮች ቢታይ ምን እንላለን? አንዱ «ጋኔን ነው»፣ ሌላው «ጂን ለከፈው» ይላል፤ ዘመድም አፍሮ ይደብቀዋል።

ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። ግራውን እጅ የሚያዝዘው የአንጎላችን ቀኝ ክፍል ነው። አንጎል የሰውነታችንን ካርታ ይዟል፤ ካርታው ሲጎዳ እጁ ለባለቤቱ ባዕድ ይሆንበታል። ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው ድልድይ ሲጎዳም እጅና እጅ ይጣላሉ።

ስለዚህ ሕመምተኛውን «አብደሃል» ብለን አንከራከረው፤ አንሠረውም። ከእሳትና ከስለት እንጠብቀው። ጸሎቱም ዱዓውም ይቀጥል፤ ነገር ግን ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ አንደበቱ የተያዘ ሰው ሲገኝ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። በጎባ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ጤነኞች ሳለንም የደም ግፊታችንን እናስለካ፤ ስትሮክን ከሚያመጡት ነገሮች ዋነኛው እርሱ ነውና።

ወገኖቼ ሆይ! አባት «የእኔ አይደለም» የሚለው ያ እጅ ዕርፍ ጨብጦ ያሳደገን እጅ ነው። እርሱ ቢረሳው እንኳ እኛ ልንረሳው አይገባም።