ድንጋዩን ማን ያወርደዋል?

(በሲያትል፥ በኮሎምቢያ ሲቲ በተደረገው የተማሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው ወይ ከየትምህርት ቤታችን ኮሎምቢያ ሲቲ ድረስ የተጠራነው የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ለበዓሉ ምሽት ባዘጋጀነው ትርኢት የተነሣው ክርክር እስካሁን አልበረደም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ግዴታችን ሆኗል።

ድንጋይን ለኪነ ጥበብ ማዋል በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከዚህ ወደ መሐል ከተማው ባሕር ዳርቻ የወረደ ሰው፥ በሜርትል ኤድዋርድስ መናፈሻ ማይክል ሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራውን ያያል። ሦስት ያልተጠረቡ ግዙፍ ግራናይቶችና ሦስት ኮንክሪቶች ናቸው፤ አንዱ ድንጋይ ካጠገቡ፥ አንዱ ተደግፎት፥ አንዱም ከላዩ ተቀምጧል። ክርስቲያን ዎልፍ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ደግሞ በ1968 «ድንጋዮች» የሚል ሥራ አውጥቷል። ኖታ የለውም፤ ተጫዋቾቹ በድንጋይ ድምፅ እንዲያወጡ የሚመራ አጭር ጽሑፍ ነው።

ይህን ሰምቶ «እብደት ነው» ያለ ወንድም አለን። የጣናን ገዳማት የድንጋይ ደወል ረስቶ ይሆናል። ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ታስሮ ይንጠለጠላል፤ በትንሽ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ያቃጭላል። ድንጋይ ሁሉ አይጮኽም፤ የሚጮኸውን ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ያስፈልጋል። ይህን ስንል ከዎልፍ ቀድመናል ብለን ለመኩራራት አይደለም። ደወሉ ሰውን ለጸሎት ይጠራል እንጂ ድምፁ ራሱ እንዲደመጥ አልተሰቀለም።

ክርክሩን ያመጣው ግን ሌላው ክፍል ነው። አንድ ወንድማችን ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በተመልካቹ መካከል ዝም ብሎ እንዲያልፍ አስበን ነበር። ልምምዱን ያዩ አንድ አባት፥ «ልጆቼ፥ ማንን በድላችሁ ነው? ድንጋዩንስ ማን ያወርድላችኋል?» ሲሉ ጠየቁን። የሚመልስ አልተገኘም።

በአገራችን ድንጋይ መሸከም የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምንበት ሥርዓት ነው። በ1870 ዓ.ም. በልቼው እርቅ ጊዜ ምኒልክ ድንጋይ ተሸክመው በዐፄ ዮሐንስ ፊት ቀርበዋል። እዚያ ተመልካች የሚባል የለም፤ ፊት ለፊት ያለው ሰው «ይቅር ብያለሁ» ካላለ ሸክሙ አይወርድም። በአዳራሽ ግን አጨብጭቦ መሄድ ይቻላል።

ከመካከላችን «የአባቶችን ልማድ በአዲስ መልክ ማሳየት መብታችን ነው» ያሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። ሆኖም የአባታችን ጥያቄ እንቅልፍ ነሣን፤ ምክንያቱም መልሱን እናውቀው ነበር። ባለፈው ዓመት ምርጫ ስናደርግ ሐሳባቸው ከሐሳባችን የተለየውን ጓደኞቻችንን አውቀን ሳንጠራ የቀረን እኛ፥ የዚህ ኮሚቴ አባሎች ነን። ከዚያ ወዲህ በሬይኒየር አቬኑ ስንተላለፍ ሰላምታ እንኳ የለም።

ስለዚህ ደወሉ በበዓሉ ምሽት ይሰማል፤ ሸክሙን ግን ከፕሮግራሙ አውጥተነዋል። ድንጋዩ እነሆ፥ በሩ አጠገብ ነው። ጓደኞቻችንም ዛሬ ጥሪያችንን አክብረው ከኋላ ተቀምጠዋል። አሁን ከዚህ ወርደን ተሸክመነው ወደ እነርሱ እንሄዳለን። እባካችሁ፥ አታጨብጭቡ።