ቱቦ ያለው ልጅ ትኩሳት ሲይዘው



ዛሬ የምንነጋገረው በጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ስለሚጠራቀምባቸው ሕፃናት ነው።

የመተማ ገበሬ ዋልካ መሬቱን ያውቃል። በሰሊጡ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ውሃው ከተኛ ቡቃያው ይሞታል። ገበሬው ታዲያ ምን ያደርጋል? ፈሰስ ያወጣል። ውሃው መሄጃ ሲያገኝ ሰሊጡ ይተርፋል።

አንጎላችንም እንደዚሁ ነው። እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ዘወትር ያመነጫል። በዐዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይሆናል። ፈሳሹ በአንጎል ውስጥና ዙሪያ ተዘዋውሮ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ከተዘጋ ግን ይጠራቀምና አንጎልን ይጫናል። አንዳንዱ ልጅ መንገዱ ተዘግቶ ይወለዳል። ሌላው ከተወለደ በኋላ ማጅራት ገትር ይዞት ይዘጋበታል። እርግማን አይደለም፤ የእናቲቱም ጥፋት አይደለም።

ምልክቱ ይህ ነው። የሕፃኑ ራስ ከሰውነቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ያድጋል። እርግብግቢቱ ይወጠራል። የራሱ ደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ። ዐይኖቹ ወደ ታች ያዘቀዝቃሉ። ያስመልሰዋል፤ ጡት እምቢ ይላል። ይህን ያየ ሰው ልጁን አይተኩስ፣ አይብጣ። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። ሕክምናው የሚመጣውን ጉዳት ያስቀራል እንጂ የደረሰውን ጉዳት ሁሉ አይመልስም። ስለዚህ መዘግየት ጎጂ ነው።

ሐኪሞች የሚያደርጉት እንደ ገበሬው ፈሰስ ማውጣት ነው። ሻንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ከአንጎል ውስጥ ተነሥቶ፣ በጆሮ ጀርባ፣ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር አልፎ ሆድ ውስጥ ይገባል። ፈሳሹም እዚያ ወደ ደም ይመለሳል። በቱቦው ላይ ቫልቭ የሚባል ትንሽ መዝጊያ አለ። ውሃው ሲበዛ ይከፈታል፤ ወደ ኋላ ግን አያስመልስም።

ለዚህ ቫልቭ ከደከሙት አንዱ ሐኪም አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ጆን ሆልተር የተባለ የቁልፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ሕመም ያለበት ልጅ ተወለደለት። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቱቦዎች ቶሎ ይበላሹ ነበር። አባትየው ዩጂን ስፒትዝ ከተባለ ቀዶ ሐኪም ጋር መክሮ የተሻለ ቫልቭ በእጁ ሠራ። ቫልቩም በዚያው ዓመት ለሕክምና ዋለ።

በአገራችን ቀዶ ሕክምናው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች ይሰጣል። የመተማ ሰው ግን መጀመሪያ የሚደርሰው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። እሱም ቢሆን ከመተማ ዮሐንስ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

አሁን ዋናውን ነገር እንናገር። ቱቦው ስለገባ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ፈሰስ በደለል ይደፈን የለም እንዴ? ቱቦም ይዘጋል፤ ያመረቅዛልም። ያን ጊዜ ልጁን ያተኩሰዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ይህ ደግሞ የወባ ምልክት ይመስላል። በእኛ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ይባላል። ልጁ የወባ ክኒን ውጦ ሲጠበቅ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። በዚህ መካከል ልጁ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ቱቦ ያለው ልጅ ሲታመም በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የወባ ምርመራ ይደረግለት። ወባ ተገኘበትም አልተገኘበትም፣ «ቱቦ አለው፤ ቱቦው ይታይልን» በሉ። በቱቦው መሥመር ላይ እብጠት ወይም መቅላት ካለ አሳዩ። ሐኪሙ ወደ ሆስፒታል ሂዱ ካለ አትደሩ።

አንድ ነገር እንጨምር። እናንተ ዛሬ መጻፍ ታውቃላችሁ። በወረቀት ላይ የልጁን ስም፣ ቱቦው የገባበትን ቀንና ሆስፒታሉን ጻፉ። ከሥሩ «በራሱ ውስጥ ቱቦ አለው» በሉ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አኑሩ። ወላጆች ለሰሊጥ አጨዳ በረሃ ቢወርዱ፣ ልጁን ይዛ የምትሄደው አያቱ ወይም ጎረቤት ወረቀቱን ታሳያለች። ያቺ ብጣሽ ወረቀት ልጁን ታተርፈው ይሆናል።