ቁራጭ ጨርቅ አይጣል!



አዳማ ውስጥ ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ ቁራጭ ጨርቅ ተጠርጎ ሲጣል አይታችኋል አይደል? የዛሬው ወሬዬ ስለዚሁ ቁራጭ ነው።

በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ክሊቭ ጆንስና ጓደኞቹ በኤድስ የሞቱ ወዳጆቻቸውን ስም ጨርቅ ላይ መስፋት ጀመሩ። አንዱ ጨርቅ ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1.80 ሜትር ገደማ ነው፤ የመቃብር ያህል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዋሽንግተን ሜዳ ላይ ሲዘረጋ 1,920 ጨርቅ ነበር። አንዳንዱ ላይ ግን የአባት ስም የለም። ለምን? መገለል ተፈርቶ ነዋ! እኛስ ዘንድ ስንቱ «ባደረበት ሕመም» ተብሎ ታለፈ?

እኛ ደግሞ ለሚወለዱት እንስፋ። ቁራጮቹን አጥባችሁ፣ በካርቶን ልክ እያንዳንዱን 12 በ12 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። 64 ይበቃል። ከየጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ትታችሁ ስምንት ስምንቱን በረድፍ ስፉ፤ ቀጥሎ ስምንቱን ረድፍ አያይዙ። ስፌቱን በካውያ ተጫኑት፤ ገበር አልብሱት። 80 በ80 የሆነ የሕፃን መጠቅለያ ወጣላችሁ!

ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። ስለዚህ መጠቅለያውን ጤና ጣቢያ ስታደርሱ «ለየትኛዋ እናት ነው?» አትበሉ። ለወለደች ሁሉ ነው። ውጤቷን መናገር የእሷ ፈንታ ነው፤ የእኛ ሥራ መስፋት ነው።