ከዱላው ጫፍ ወደ እጀታው፦ ከጎን የሚመጣን ቡጢ በቅርብ ርቀት ስለመመከት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ብለውኛል። ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ መስኖና ስለ ሩዝ ነው፤ ለፎገራ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ግን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከቁሐር ሚካኤልና ከወረታ የሚመጡ ወጣቶችን ራስን መከላከል አሠለጥናለሁ። ስለዚህ የማካፍላችሁ ስለ አንድ ቡጢ ነው። አትሳቁ፤ አንድ ቡጢ ስንት ቤት እንደሚፈታ እዚህ ያለን ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ ቡጢ በቦክስ ቋንቋ «ሁክ» ይባላል። ክንድ ክርኑ ላይ ታጥፎ፣ ከጎን ዞሮ፣ መንጋጋን ወይም ጆሮ ግንድን የሚያገኝ ነው። በእኛ አገር የተለየ ስም የለውም እንጂ ሥራው የታወቀ ነው፤ «ጆሮ ግንዱን አለው» ስንል ይኼንኑ ማለታችን ነው። ያልሠለጠነ ሰው ሲናደድ ቀጥ ያለ ቡጢ አይሰነዝርም። ክንዱን ወደ ኋላ ወስዶ ከጎን ያወናጭፈዋል። በሠርግ ቤት፣ በአረቄ ቤት፣ በመናኸሪያ፣ በውኃ ተራ በተነሣ ጠብ የሚሰነዘረው በአብዛኛው እሱ ነው።

ለምንድን ነው አደገኛ የሆነው? አንደኛ፣ ከዓይን ጥግ ስለሚመጣ ዘግይቶ ይታያል። ሁለተኛ፣ ጭንቅላትን ያሽከረክራል። የኦክስፎርዱ የፊዚክስ ሊቅ ሆልቦርን እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንጎልን ይበልጥ የሚጎዳው ጭንቅላት ቀጥ ብሎ ሲገፋ ሳይሆን በድንገት ሲዞር እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ሦስተኛ፣ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው የራስ ቅል አጥንት ስስ ነው፤ ከሥሩም የደም ቧንቧ ያልፋል። አራተኛውና እኔን የሚያስፈራኝ ግን አወዳደቁ ነው። ራሱን ስቶ የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬቱን አይመክትም። ጭንቅላቱ ድንጋይ ወይም የአስፋልት ጠርዝ ላይ ያርፋል። መቺው ለመግደል አላሰበም፤ ተመቺውም ለመሞት አልመጣም። ሲነጋ ግን ሁለት ቤተሰብ ደም ተቃብቷል።

እስቲ አሁን ወደ ፎገራ ሜዳ ልውሰዳችሁ። እኛ አገር ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው ዱላን ያውቃል። ዱላ ሲወነጨፍ የሚሰብረው ጫፉ እንጂ እጀታው አይደለም። የፊዚክስ መምህራኖቻችን እንዳስተማሩን፣ በአንድ ማዕከል ዙሪያ በሚሽከረከር ነገር ላይ ያለ ነጥብ ፍጥነቱ ከማዕከሉ ባለው ርቀት ልክ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ዱላ መሐሉ ላይ ያለው ነጥብ የጫፉን ፍጥነት ግማሽ ብቻ ይዞ ይመጣል። ወደ እጁ በቀረባችሁ ቁጥር ደግሞ ዱላው ዱላነቱን እያጣ ይሄዳል። ለዚህ ነው ዱላ የሚያውቅ ሰው ወይ ሙሉ በሙሉ ይርቃል፣ ወይ ዘሎ እቅፍ ውስጥ ይገባል እንጂ መሐል ላይ የማይቆመው።

ሁክም እንዲሁ ነው። ትከሻው እጀታ፣ ቡጢው ጫፍ ነው። ሮጦ ማምለጥ የሚቻል ከሆነ ከሁሉም በላይ እሱ ይሻላል፤ በዚህ የሚያፍር ሰው ከእኔ ዘንድ አይሠለጥንም። መሮጫ ከሌለ ግን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ራስን ጫፉ ላይ ማስቀመጥ ነው። አገጭን ቀና አድርጎ ወደ ኋላ መለጠጥ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ አንገት ሲላላ ጭንቅላት በቀላሉ ይዞራል። ስለዚህ ትምህርቱ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ግቡ።

እንዴት እንደሚገባ ያስተማረኝ ዊንግ ቹን የሚባለው የደቡብ ቻይና ጥበብ ነው። በአገራችን ቪዲዮ ቤት ያላደገ ማን አለ? ሁሉንም «ካራቴ» እያልን ነው ያየነው። ብሩስ ሊ ግን በልጅነቱ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከዪፕ ማን የተማረው ይህንን የቅርብ ርቀት ጥበብ ነበር። ዪፕ ማን እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1972 የኖረ መምህር ነው። በእኛ አገር ብዙ ወጣት የሚሠለጥነው ቴኳንዶ ነው፤ ሰሎሞን ቱፋም በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዚሁ ስፖርት ኢትዮጵያን ወክሏል። ነገር ግን በኦሊምፒኩ ቴኳንዶ ሕግ ጭንቅላትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው። ስለዚህ ግሩም የሚራገጥ ልጅ ሁክ ሲመጣበት አይቶት የማያውቀውን ነገር ያገኛል። ቦክሰኛው ሁክን ያውቃል፤ በክርን መምታትና ይዞ መቆየት ግን በእሱ ሕግ ተከልክለዋል። እያንዳንዱ ስፖርት ሕጉ የሸፈነለት ክፍተት አለው።

ዊንግ ቹንም የራሱ ክፍተት አለው፤ ይህን መናገር አለብኝ። በብዙ ማሳያዎች ላይ ሁክ ሲመጣ መካቹ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ክንዱን ይዘረጋና የመቺውን አንጓ ያስቆማል። ሲያዩት ያምራል። እውነተኛ ሁክ ግን ክርኑ የታጠፈ ነው። አንጓው አካባቢ ሲያዝ በተዘረጋው ክንድ ላይ ይጠመዘዝና ቡጢው ጆሮ ግንድ ላይ ይደርሳል። መመከት ያለበት እጀታው ጋ ነው፤ ክንዱ ከክርን በላይ፣ ትከሻው ሥር።

እኛ የምንሠራው አራት ነገር ነው።

መጀመሪያ መሸፈን። ቡጢው በሚመጣበት በኩል ያለውን እጃችሁን ስልክ እንደሚያናግር ሰው ወደ ጆሯችሁ ውሰዱ፤ መዳፉ ከጆሮ ጀርባ ይጣበቅ፣ ክርኑ ወደ ፊት ይጠቁም፣ አገጭ ወደ ደረት ይውረድ። ቡጢው ቢያርፍ እንኳ ክንድ ላይ ያርፋል።

ሁለተኛ መግባት። መሸፈኑና እርምጃው አንድ ላይ ናቸው፤ ሸፍኖ የሚቆም ሰው ሁለተኛውን ቡጢ እየጠበቀ ነው። እግራችሁ በመቺው እግሮች መካከል ይግባ። ሌላው ክንዳችሁ ደረቱና ትከሻው መጋጠሚያ ላይ ይረፍ፤ እዚያ ከተያዘ ሰውነቱ አይዞርም፣ ሰውነቱ ካልዞረም ሁክ የለም።

ሦስተኛ መያዝ። የሸፈነው እጅ የመቺውን ክንድ ከላይ ጠምጥሞ ብብት ሥር ይቆልፈው። ሌላው እጅ ማጅራቱን ይያዝ። ጭንቅላታችሁ ትከሻው ላይ ይጣበቅ፤ በመሐላችሁ ቦታ ካለ ቴስታ ይመጣል። ይህን ሳስተምር የቁሐር ልጆች ወዲያው «ትግል ነው!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። በባህል ስፖርት ውድድር ላይ ከገናና ከገበጣ ጋር የምናየው ትግል፣ ይህን ሥራ ግማሹን አስተምሯቸዋል። ከቻይናው የጨመርነው የመግቢያውን በር ነው።

አራተኛ መውጣት። ዞራችሁ፣ ገፍታችሁ፣ መሄድ፤ ወይም ገላጋይ እስኪደርስ አጥብቆ መያዝ።

ቦክስ የምትወዱ የኪንሻሳውን ግጥሚያ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1974 መሐመድ አሊ ገመዱ ላይ ተደግፎ፣ በክንዶቹ ተሸፍኖ፣ በተመቸው ቁጥር የጆርጅ ፎርማንን ማጅራት እየያዘ ያንን ሁሉ የጎን ቡጢ አደከመው። በ8ኛው ዙር ፎርማን ወደቀ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. መጋቢት 8 ቀን 1971 ግን፣ ርቀቱ ሳይጠበብ በተከፈተ አገጭ ላይ የመጣ የጆ ፍሬዚየር የግራ ሁክ ያንኑ አሊን በ15ኛው ዙር መሬት ላይ ዘርግቶት ነበር። ሰውየው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የቆመበት ቦታ ነው።

ልምምዱስ? ዊንግ ቹን ውስጥ «ቺ ሳው» የሚባል መልመጃ አለ። ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን አነካክተው ግፊትን በቆዳቸው ማንበብ ይማራሉ፤ ተቃቅፈው ሳሉ ዓይን ምንም አያይምና። መሬታችን ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። ስለዚህ የሩዝ ገለባ ጎዝጉዘን፣ ጓንትና የጥርስ መከላከያ አድርገን፣ በዝግታ ጀምረን ነው ፍጥነት የምንጨምረው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይባል የለ።

ወሰኑንም ልናገር። መቺው ስለት ከያዘ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ መግባት ወደ ስለቱ መግባት ነው። ሦስት አራት ሰው ከከበባችሁም አንዱን አቅፎ መቆም ለሌሎቹ መመቸት ነው። በሁለቱም ጊዜ መሸሽ፣ መጮህ፣ ሰው መጥራት ነው ያለው።

ዊንግ ቹን ውስጥ ከባድ የክርን ምቶች አሉ። ልጆቹ ሁልጊዜ እሱን ይጠይቁኛል። እኔ ከመያዝ አስቀድሜ አላስተምረውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ራስን በሕጋዊ መንገድ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መከላከሉ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይፈልጋል። ቡጢ ለሰነዘረ ሰው ፊቱን በክርን ማፍረስ ለዳኛም ለሽማግሌም ለማስረዳት ይከብዳል። ያቀፋችሁት ሰው ግን ነገ እርቅ ላይ አብሯችሁ ይቀመጣል። ገላጋይ ለመድረስ አንድ ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ ይህ ጥበብ ያችን አንድ ደቂቃ ይገዛል። ከዚህ የበለጠ ነገር አልፈልግበትም።

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ይህን ያዙ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ተነሥቶ «ደኅና ነኝ» ሊል፣ በእግሩ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ውስጥ ለውስጥ የሚፈሰው ደም ከሰዓታት በኋላ ነው የሚጥለው። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ንግግሩ ከተደነባበረ፣ እንቅልፍ ከተጫነው፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ «ይተኛ፣ ይለቀዋል» አትበሉ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሱት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ለቀን ሥራ ከደጋው የሚመጡ ወጣቶች ወረታን ይሞሏታል። ኪሳቸው ውስጥ የሳምንት ደመወዝ አለ፤ ዘመድ አጠገባቸው የለም። ጠብ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። የስፖርት ሳይንስ መምህራኖቻችን ተማሪዎቻችሁን ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ ላኩልን። የሕክምና መምህራኖቻችን በዓመት አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ጭንቅላቱን ስለተመታ ሰው አስተምሩልን። የማኅበራችን አባላት ደግሞ ያረጀ ጓንትም ቢሆን አትጣሉ፤ እኛ ጋ ሥራ አለው።

የፎገራ ልጅ ዱላን ከእጀታው መያዝ ያውቃል። ጠብንም እንዲሁ ከሥሩ እንዲይዘው ብናስተምረው፣ ከሚያለቅሱ እናቶች አንዷን እንኳ ብናተርፍ፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ላስተማረን ትምህርት ከውለታው ጥቂቱን እንከፍላለን ብዬ አምናለሁ።