ከአጥር ሥር የቆሙ መኪናዎች
(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «ስለ ምን ትናገራለህ?» ቢሉኝ «ስለ አሮጌ መኪና» አልኳቸው። ሳቁ። «እድርን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» አሉኝ። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ፤ ለጊዜው ታገሱኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧት ጧት በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሐኪም ያዘዘኝ ነው። ታዲያ ሰው ሲራመድ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ማረፉ አይቀርም። የእኔ ዓይን የሚያርፈው በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር በቆሙ የጥንት አውቶሞቢሎች ላይ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ግቢ በር አጠገብ ጎንበስ ብዬ የመኪና ቸርኬ ስመለከት ዘበኛው ዱላውን ይዞ ወጣና «አባቴ፣ ይሄ ጎማ አይፈታም» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ፤ ቀጥሎ አስፈቅጄ ነው የማየው።

በከተማችን ከሁሉ ይበልጥ የሚገኘው ቮልስ ነው። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ስኮርት ጎማዋ ከፊት ኮፈን ሥር ነው፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ውኃ ፈላብኝ ብሎ ዳገት ላይ መቆም የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚችው በትንሿ መኪና ነበር። ያን ቀን ያየ ሰው ቮልስ ባየ ቁጥር ሳይታወሰው አይቀርም።

ዕድሜዋን ለማወቅ ከኋላ መጀመር ነው። ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ የተሠራችው እዚያ ነውና። የኋላ መስተዋቷ መካከሉ ላይ በላሜራ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ እስከ 1953 የተሠራችው ናት፤ እንዲህ ያለችውን እኔ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም። አንድ ወጥ ሆኖ እንደ እንቁላል ሞላላ ከሆነ እስከ 1957 ያለችው ናት። ከዚያ ወዲህ አራት ማዕዘን ሆነ፤ እየቆየም እየሰፋ ሄደ። የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ከሆነ በአብዛኛው ከ1967 በፊት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ከዚያ ወዲህ ናት። የፊት መስተዋቷ ጎበጥ ያለውማ በ1972 የመጣችው 1303 የምትባለው ናት። ጀርመን አገር ሥራዋ በ1978 ቀረ፤ ሜክሲኮ ግን እስከ 2003 ድረስ ሲሠራት ቆይቶ ጠቅላላ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደረሰ።

ነገር ግን መካኒኮቻችን ያታልላሉ። በክፋት አይደለም እኮ! መለዋወጫ ሲጠፋ ያገኙትን ይገጥማሉ። ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ የአሮጊቷ ሰውነት ላይ የወጣቷን ፓራፋንጎ ከነመብራቱ ያስሩበታል። የኋላ መስተዋት ግን ከላሜራው ጋር የተቆረጠ ስለሆነ እሱን የሚለውጥ የለም ማለት ይቻላል። ፈጽሞ እርግጠኛ ለመሆን የኋላውን ወንበር አንስቶ የሻንሲውን ቁጥር ማየት ነው። ባትሪውም እዚያው ወንበር ሥር ነው፤ ወለሉ በአሲድ የሚበላው በዚያ በኩል ስለሆነ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እሱን ይይ።

ሴቼንቶንም ታስታውሳላችሁ፤ ያቺ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ የነበረችው ፊያት 600። በሯ ከኋላ ታጥፎ ወደ ፊት በኩል የሚከፈት ከሆነ ከ1964 በፊት ናት። እሷ አሁን ብርቅ ሆናለች። ላዳ ደግሞ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ሩሲያኖቹ በ1970 ነው መሥራት የጀመሩት። ለላዳ ብዙ ፍቅር የለኝም፤ ባለ ላዳዎች ይቅር በሉኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ከእኛ መንገድ ወረድ ብሎ ባለው ቤት አጥር ሥር አንዲት ቮልስ ቆማ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጎረቤታችን በሕይወት ሳሉ እሑድ እሑድ ያጥቧት ነበር። እሳቸው ሲያርፉ እድራችን ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩን አወጣ፣ ገንዘቡን ከፈለ፤ ሥራችንን በሚገባ ሠርተናል። መኪናዋ እዚያው ቀረች። ጎማዋ ተኛ፣ ቦሎዋ አለፈ፣ ኮፈኗ ላይ ቅጠል ተከመረ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ባጠገቧ ሳልፍ ቆም እያልኩ፣ የኋላ መስተዋቷንና የመጀመሪያዋ የሆነውን ፓራፋንጎ እያደነቅሁ ሄድኩ። አንድ ጧት ስመጣ ቦታው ባዶ ነው። የዘይት ጠብታ ያጠቆረው መሬት ብቻ ቀርቷል።

ወይዘሮዋን ጠየቅኋቸው። መንገዱ ሊሠራ ስለሆነ መኪናውን አንሱ ተባሉ። ሊብሬው አልተገኘም፤ ልጆቹ ውጭ አገር ናቸው፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አላወጡም። ያለ ሊብሬ የሚገዛ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሰው ለብረት ብሎ በርካሽ ጭኖ ወሰዳት። ከዚያ ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አንተ እኮ ሁልጊዜ ቆመህ ታያት ነበር። ምነው አንድ ቀን ገባ ብለህ ብትነግረኝ!»

መልስ አልነበረኝም። ዘመኗን በአንድ ጊዜ እይታ መናገር የምችል ሰው የባለቤቷን ሚስት ደጅ አንኳኩቼ «ሊብሬው የት ነው?» አላልኩም። በዚያ ላይ ዋጋዋ የሚያድግበት ጊዜ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ድሮው የሚናቅ ዕቃ አይደለም።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። የእድራችን መዝገብ የአባሉን የሚስትና የልጆች ስም ይዟል። እዚያው ላይ «መኪና አለ ወይ፣ ሊብሬው በማን እጅ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልን። አባል ሲያርፍም በሐዘኑ ሰሞን ሳይሆን አርባው ካለፈ በኋላ፣ የሚያውቅ አንድ ሰው ሄዶ ቤተሰቡን ያነጋግር፤ ፍርድ ቤት የሚያመላልስ ጉዳይ ካለ ይሸኛቸው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ እግር ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ እግር ደግሞ እኔ አለኝ።

ደብተር ገዝቼ ጀምሬአለሁ። እስካሁን በሰፈራችን አሥራ አንድ አሮጌ መኪና ቆሞ አግኝቻለሁ፤ አምስቱ ቮልስ ናቸው፤ አንዲቷ የእንቁላል መስተዋት ያላት ናት፤ ያለችበትን ለብቻ ነው የምነግራችሁ። ከአሥራ አንዱ የሦስቱ ባለቤቶች በሕይወት የሉም፤ ቀብራቸው ላይ አብረን ቆመናል። ስለ እነዚህ ሦስቱ ሊብሬ የሚያውቅ ካለ ስብሰባው ሲያልቅ የድንኳን ዕቃ ቤቱ በር ላይ እቆያለሁ።