ነፍሰ ጡር ቤት ስትለውጥ

ከገጠር መጥታ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለምሳሌ በጀሞ፣ ቤት ለምትገባ ነፍሰ ጡር ዕቃውን ሌሎች ይሸከሙላት፤ እርስዋ የክትትል ካርድዋን ትያዝ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የመጀመሪያው ማታ ነው። ጎረቤት ለቡና ይሰበሰባል፤ «ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፤ ፍሙም ቤቱን እንዲያሞቅ እዚያው ያድራል። ጢሱ ያለቀለት ፍም ደኅና ይመስላል፤ አይደለም! ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ከእርሱ ይወጣል፤ በእናቲቱ ደም ገብቶ ፅንሱን አየር ያሳጣዋል። ስለዚህ ከሰሉ በደጅ ይቀጣጠል፤ ቡናውም እዚያው ይፍላ፤ ምድጃው ወደ መኝታ ቤት ከቶ አይግባ።

ራስዋን ቢያማት፣ ቢያዞራት ወይም ቢያቅለሸልሻት «እርግዝናው ነው» ብላችሁ አትተዉአት። ፈጥናችሁ ወደ ውጭ አውጧት፤ ካርድዋን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።